የፀሐይ ነፋስ እና የመሬት መግነጢሳዊ ማዕበል

የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ኮሮና ከተሰኘው የፀሐይ ውጫዊ ክፍል ያለማቋረጥ የሚፈልቅ የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ጎርፍ ነው። በአዘቦቱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የፀሐይንም መግነጢሳዊ መስክ ይዞ ይመጣል።

መሬት በራሷ መግነጢሳዊ መስክ ትከለላለች። ነፋሱ የያዘው መስክ ወደ ደቡብ ሲያቀና ግን ወደ ሰሜን ከሚያመለክተው የመሬት መስክ ጋር ስለሚጣመር ከለላው ይከፈታል። በዚህ መንገድ የሚገባው ኃይል መግነጢሳዊ ማዕበል ያስነሳል።

የፀሐይ ነጠብጣቦች ቁጥር በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ይጨምራል፤ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲበዛ ከኮሮና የሚወረወሩ ግዙፍ ፍንዳታዎች ይበረክታሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1989 የደረሰው ማዕበል በካናዳ የኩቤክ ግዛት 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓታት ያለ መብራት አስቀርቷል።

ይሁንና የነጠብጣቦቹ መቀነስ የአደጋውን ማብቃት አያመለክትም። ዑደቱ በሚያሽቆለቁልባቸው ዓመታት በኮሮና ላይ ሰፋፊ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ፈጣን ነፋስ በሰከንድ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ፀሐይ በራሷ ዛቢያ ስለምትዞርም በየ27 ቀኑ ገደማ እየተመላለሰ መሬትን ይመታል። የሚያስከትለው ማዕበል መለስተኛ ቢሆንም ለቀናት ስለሚቆይ የሳተላይቶችን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ይጎዳል።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው 23ኛው ዑደት ነው። ነጠብጣቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ከፍተኛ ቁጥር ላይ ቢደርሱም የመግነጢሳዊ ነውጡ ዓመታዊ አማካይ ከፍተኛ የሆነው በ2003 ነበር። ፍንዳታዎቹም አልቆሙም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ በስዊድን የማልሞ ከተማ ኤሌክትሪክ ተቋርጧል።

መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የመግነጢስ መከታተያ ጣቢያ የተቋቋመውም ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ ነው። በዚህ ቀጣና ማዕበሉ በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ በማናወጥ የሬዲዮ ግንኙነትንና የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚዎችን ሊያስተጓጉል ይችላል።

በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ ማዕበል ተከስቷል። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ነፋሱን የሚለኩ መንኮራኩሮች የመስኩን አቅጣጫ የሚያሳውቁት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቀድመው ነው። ስለሆነም የኤሌክትሪክ፣ የቴሌኮሙኒኬሽንና የአቪዬሽን ተቋማት ዝግጅት ነጠብጣቦች በሚበዙባቸው ዓመታት ብቻ ሊወሰን አይገባም።