የሦስት ቃላት ትምህርት

ሙያ ሁሉ መምህር አለው። አንጥረኛው ከአንጥረኛ፣ ሸማኔው ከሸማኔ፣ ባለ ቅኔውም ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። ዕቃን በጽሑፍ የመሸጥ ሙያ ግን፣ በተለይ ከፍተኛ እድገት ባሳየበት በአሜሪካ፣ ለረጅም ጊዜ መምህር አልነበረውም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንደ ጆን ፓወርስ ያሉ ጥቂት ዝነኛ ጸሐፊዎች ባይጠፉም፣ የማስታወቂያ ድርጅቶች በአብዛኛው የጋዜጣ ገጽ ደላሎች ነበሩ። ባዶውን ገጽ ከአሳታሚው ተዋውለው ለነጋዴው ይሸጣሉ፤ ኮሚሲዮናቸውንም ይቀበላሉ። በገጹ ላይ ምን እንደሚጻፍና ለምን እንደሚጻፍ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት ወጣቶች አንዱ አልበርት ላስከር ነው። ላስከር በ1880 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ወላጆቹ አውሮፓ በነበሩበት ወቅት በጀርመን ተወለደ፤ ያደገው ግን በቴክሳስ ጠረፍ በምትገኘው በጋልቬስተን ከተማ ነው። ምኞቱ ጋዜጠኛ መሆን ነበር። ባለጸጋ ነጋዴ የነበረው አባቱ ግን ጋዜጠኞችን የመጠጥ ወዳጅ አድርጎ ይመለከታቸው ስለነበር፣ ልጁን በ1898 በቺካጎ ወደሚገኘው ሎርድ ኤንድ ቶማስ ወደተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ላከው። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት በሳምንት 10 ዶላር እየተከፈለው ወለል በመጥረግና በመላላክ ሥራውን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኛ በማምጣት የሚስተካከለው ጠፋ። ገንዘቡ መጣ፤ ሹመቱም ተከተለ። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳው፤ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ማስታወቂያ ምንድን ነው? ላስከር ይህን አንጋፋዎቹን ጠየቀ። አንዳንዶቹ «የዕቃውን ስም ከሕዝብ ዓይን አለማራቅ ነው» አሉት። ሌሎቹ «ዜና ነው» አሉት። ሁለቱም መልስ አላረካውም። ስም መደጋገም ብቻውን ሰውን ለመግዛት የሚያነሣሣው ለምንድን ነው? ዜናስ ከሆነ፣ ዛሬ ተነግሮ ነገ ሲያረጅ ዕቃው በምን ይሸጣል?

መልሱ የመጣው በ1904 ነው። ላስከር በኋላ ዘመኑ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አንድ ቀን ወደ ማታ ከድርጅቱ ሽማግሌ ከአምብሮዝ ቶማስ ጋር ሳለ አንድ ተላላኪ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ገባ። የወረቀቱ ባለቤት ከሕንጻው በታች ባለው መጠጥ ቤት ተቀምጦ እንደሚጠብቅ፣ እነርሱ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ እንደማያውቁና እርሱ ግን ሊነግራቸው እንደሚችል፣ ለማወቅ ከፈለጉም «አዎን» የሚል ቃል ብቻ እንዲልኩለት ጽፎ ነበር። ሽማግሌው ነገሩን እንደ ዕብደት ቆጠረው። ጥያቄው ሲያብሰለስለው የኖረው ወጣት ግን «አዎን» ብሎ ላከ።

ወደ ላይ የወጣው ሰው ጆን ኢ. ኬኔዲ ይባላል። የካናዳ ሰው ነው፤ ለመድኃኒት ሻጮች ማስታወቂያ በመጻፍ ይተዳደር ነበር። ሁለቱ ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገሩ። ኬኔዲ የሰጠው ፍች በእንግሊዝኛ ከሦስት ቃላት አይበልጥም፤ ማስታወቂያ በኅትመት የሚካሄድ ሻጭነት ነው።

ፍቹ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ያዘለው ሐሳብ ከባድ ነበር። ጥሩ ሻጭ ከገዢ በር ቆሞ የድርጅቱን ስም እየደጋገመ አይጮኽም፤ ግጥም አይገጥምም፤ በጌጠኛ ቃላትም አይመጻደቅም። ዕቃው ለገዢው ምን እንደሚጠቅመው በምክንያት ያስረዳል። እንግዲያው ጸሐፊውም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። ሻጩ በቀን የሚያንኳኳው በር የተቆጠረ ነው፤ ወረቀቱ ግን በአንድ ማለዳ መቶ ሺህ ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ቤት ደጅ ሊነገር የማይገባው ቃል በወረቀቱም ላይ ሊኖር አይገባም ማለት ነው።

ኬኔዲ ትምህርቱን በሥራ አሳየ። አንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና ድርጅት በማስታወቂያው፣ ከማጠቢያው ገንዳ ጋር በሰንሰለት የታሰረች ሴት እያሳየ «ታስረሻልን?» ይል ነበር። ኬኔዲ ሰንሰለቱን አነሣው። ድካሟን የምታውቅ ሴት ስድብ አትሻም፤ የምትሻው መውጫውን ነው። በእርሱ እጅ የተጻፈው አዲሱ ማስታወቂያ መኪናው ልብሷን ያለ ወጪ እንዴት እንደሚያጥብላት በዝርዝር አስረዳ። ውጤቱ የላስከርን ጥርጣሬ ሁሉ አጠፋው።

የላስከር ትልቅነት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። አለቃ ሆኖ ሳለ ከቀጠረው ሰው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። የተማረውንም ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፤ ወጣት ጸሐፊዎችን፣ ከእነርሱም መካከል ጋዜጠኞችን፣ እየሰበሰበ አስተማረ። ኬኔዲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድርጅቱን ትቶ ሄደ፤ ትምህርቱ ግን ቀረ።

የኬኔዲን ቦታ የተካው ክሎድ ሆፕኪንስ በ1866 በሚሺጋን የተወለደ፣ በአሥር ዓመቱ አባቱን ያጣ፣ በወጣትነቱ የሰበከ ሰው ነው። በአንድ የምንጣፍ መጥረጊያ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሳለ፣ ታላቁ ፓወርስ ለፋብሪካው የጻፈውን ጽሑፍ አይቶ «ይህ ሰው መጥረጊያውን አያውቀውም» ብሎ በድፍረት ተናገረ፤ የራሱንም ጽፎ አቀረበ፤ የእርሱ ተመረጠ። ሽሊትዝ ለተባለው የቢራ ፋብሪካ በሠራ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ፋብሪካውን መጎብኘት ነበር። ጠርሙሱ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ውኃው ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚወጣ ተመለከተ። «ይህን ለምን አትናገሩም?» ቢላቸው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉት። እርሱ ግን ሁሉም የሚያደርገውንና ማንም ያልተናገረውን ጻፈ።

ሆፕኪንስ በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ሙያውን ወደ ሥርዓት አመጣው። መጽሐፉም ለማያያቸው ተማሪዎች መምህር ሆነ። በስኮትላንድ ከቤት ወደ ቤት ምድጃ ይሸጥ የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦጊልቪ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1948 በኒው ዮርክ የራሱን ድርጅት ሲያቋቁም፣ ሆፕኪንስን መምህሩ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ይህን መጽሐፍ ሰባት ጊዜ ያላነበበ ሰው ማስታወቂያ እንዲነካ ሊፈቀድለት አይገባም እስከ ማለት ደርሷል።

ይሁን እንጂ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈው ሁሉ በጎ አልነበረም። ምክንያት መስጠት ለእውነት እንደሚያገለግል ሁሉ ለሐሰትም ያገለግላል። ሆፕኪንስ ወደ ላስከር ከመምጣቱ በፊት ሊኮዞን የተባለ «መድኃኒት» በባለድርሻነት ይሸጥ ነበር። በ1905 ጋዜጠኛው ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ብዙ በሽታ ይፈውሳል የተባለው ፈሳሽ ጥቂት አሲድ የተጨመረበት ውኃ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለው ማጋለጥ በ1906 ለወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። መዝገብ ያዥ ሳለ «መጥረጊያውን አያውቀውም» ብሎ ታላቁን ሰው የወቀሰው ጸሐፊ፣ የራሱን መድኃኒት ጠጥተው መዳንን ለሚጠብቁ ሕሙማን ግን ያን ያህል አልተጨነቀም።

ላስከርም ከዚህ ነጻ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ላኪ ስትራይክ የተባለውን ሲጋራ ለሴቶች አስተዋወቀ፤ ክብደት ለመቀነስ በጣፋጭ ምትክ ሲጋራ እንዲያነሡ መከረ። ምክንያት ተሰጠ፤ ሲጋራውም ተሸጠ። ሦስቱ ቃላት ሠሩ።

ላስከር በ1942 መጨረሻ ከሙያው ወጣ። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ለሕክምና ምርምር የሚውል ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በዚያ ዘመን «ካንሰር» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሬዲዮ አይነገርም ነበር፤ ሕዝቡም ስለ በሽታው በሹክሹክታ ብቻ ያወራ ነበር። ባልና ሚስቱ ይህ ዝምታ እንዲሰበር ታገሉ፤ ቃሉ በሬዲዮ ተነገረ፤ ለምርምር የሚሆን ገንዘብም በማስታወቂያ ባለሙያዎች ጥበብ ተሰበሰበ። ሲጋራን ለመሸጥ ያገለገለው ችሎታ አሁን ለሕይወት ተሰለፈ። በ1950 ደግሞ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የወጡ ጥናቶች ሲጋራ ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር አያያዙት። ላስከር በግንቦት ወር 1952 በአንጀት ካንሰር ሞተ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የታተመ ቃል አይመለስም። በዚያች ማታ ኬኔዲ ለላስከር ያስተማረው ቃል እንዴት እንደሚሸጥ ነበር። ምን መሸጥ እንደሌለበት ግን አላስተማረውም፤ ላስከርም በዚያ ሌሊት አልጠየቀም። ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀው ከመጀመሪያው በኋላ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ ነው፤ ለዚያም ብጣሽ ወረቀት የላከለት መምህር አልነበረም።