መንገድ የማይፈልገው ብስክሌት

ፍራንሲስ ላውንድስ የተባለ የሎንዶን ሰው በ1796 «ጂምናስቲኮን» ብሎ ለሰየመው ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላውንድስ ሕመምተኞችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያከመ የሚኖር ሰው ነበር። ማሽኑ ከታች በእግር የሚረገጡ መርገጫዎች፣ ከላይ በእጅ የሚዞሩ እጀታዎች ነበሩት፤ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ደግሞ ጎማዎች ተገጥመውለታል። ለሪህ፣ ለሽባነት፣ ብዙ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሁሉ ይበጃል ተብሎ ተነገረለት። ያኔ የወጣው መግለጫ፣ መጻፍና ማንበብ ሥራው የሆነ ሰው እጁን ከወረቀቱ ሳያነሳ በእግሩ ብቻ ሊያንቀሳቅሰው እንደሚችል ይናገራል። ዛሬ በቢሮ ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ትንሽ ፔዳል አዲስ ፈጠራ ነው የሚል ነጋዴ ካለ፣ ላውንድስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞታል።

የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ ብስክሌት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ካርል ድራይስ በጀርመኗ ማንሃይም ሁለት ጎማ ያለውን እንጨት፣ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የነዳው በ1817 ነው። ፔዳል ያለው ብስክሌት ፓሪስ ላይ ገበያ ያገኘው በ1860ዎቹ ሲሆን፣ ሁለት እኩል ጎማና የኋላውን የሚያዞር ካቴና ያለው ቅርጽ የተስፋፋው ደግሞ የጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» በ1885 ከወጣ በኋላ ነው። ሰው የትም ሳይሄድ እግሩን ማሽከርከር የጀመረው ብስክሌት ላይ ወጥቶ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ነው ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን ከላውንድስ ወርክሾፕ በቀጥታ ወደ ሰው ሳሎን አልገባም። በሰፊው የታየው እስር ቤት ውስጥ ነው። ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1818 እስረኞች እንደ ደረጃ እየረገጡ የሚያዞሩት ግዙፍ ጎማ ሠራ። አንዳንዱ እህል ይፈጭ ነበር፤ አንዳንዱ ምንም አይፈጭም፣ ለድካም ብቻ ይዞራል። ከዚሁ ጎን በየክፍሉ የሚቀመጥ፣ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው የቅጣት ማሽን ነበር፤ ጠባቂው ብሎኑን ሲያጠብቀው እጀታው ይከብዳል። ዛሬ በብዙ የቤት ብስክሌቶች ላይ ከመሪው ሥር ያለችው የማክበጃ ቁልፍ በሥራዋ ከዚያች ብሎን አትለይም። ልዩነቱ አጥባቂው ራሱ ተጠቃሚው መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ልዩነት አይደለም። እንግሊዝ እነዚህን ማሽኖች ማስቀረት የጀመረችው በ1898 ባወጣችው የእስር ቤት ሕግ ነው።

ሀብታሞቹ ዘንድ የደረሰው በሌላ በር ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ጉስታቭ ዛንደር በ1865 ስቶክሆልም ውስጥ በማሽን የሚታከሙበት ተቋም ከፈተ፤ ማሽኖቹ ከፊሎቹ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ነበሩ። በ1876 በፊላዴልፊያው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ካሳያቸው በኋላ ተቋሞቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተበራከቱ። ደንበኞቹ ኮትና ክራቫታቸውን ሳያወልቁ በማሽኑ ላይ ሲቀመጡ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ዛሬም ያስቃሉ። በ1912 የተጓዘችው ታይታኒክም ጂምናዚየም ነበራት፤ በኤሌክትሪክ የሚወዛወዙ ፈረስና ግመል፣ የመቅዘፊያ ማሽን፣ የተጓዘውን ርቀት በግድግዳ ሰሌዳ ላይ የሚያሳዩ ቋሚ ብስክሌቶችም ነበሩባት። እስከዚያ ድረስ ቋሚ ብስክሌት ወይ የሕክምና ወይ የቅንጦት ዕቃ እንጂ ተራ ቤተሰብ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛው ነገር አልነበረም።

ወደ ተራው ቤት ያመጣው ስፖርት አይደለም፤ ሳይንስ ነው። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎች አንድ ሰው ሲሠራ ምን ያህል አየር እንደሚወስድና ልቡ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለማወቅ፣ ሠራተኛው አንድ ቦታ ሆኖ በልክ የሚደክምበት መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ብስክሌት ለዚህ ተስማሚ ሆነ፤ ሰውየው ተቀምጧል፣ አፉ ላይ ቱቦ ሊገጠም ይችላል፣ እግሩ ግን ይሠራል። ችግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። እግር ምን ያህል ኃይል እንዳወጣ ለማወቅ፣ ጎማውን የሚይዘው ነገር ምን ያህል እንደያዘው በትክክል መታወቅ አለበት።

በኋላ በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ በ1913 ያቀረበው መፍትሔ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበር። የብረት ሰሌዳ በማግኔት አጠገብ ሲሽከረከር በውስጡ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ያ ሞገድ ደግሞ ዙረቱን መልሶ ይጎትታል። ምንም ነገር ከምንም ጋር አይነካካም፣ የሚያልቅ ጎማ ወይም ጨርቅ የለም፣ ድምፅም የለም ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ይህን መሥራት የሚችለው ጥሩ ወርክሾፕ ያለው ላቦራቶሪ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ዘዴ፣ ለፍሬኑ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ቋሚ ማግኔት ተተክቶ፣ ተጣጥፎ ከአልጋ ሥር በሚገባ ርካሽ ብስክሌት ውስጥ ይገኛል። ዝቅተኛ ዋጋ የሚከፍል ገዢ የሚያገኘው የተናቀ ቴክኖሎጂ አይደለም።

ሁለተኛው መፍትሔ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ የመጣውም ከስዊድን ነው። ቮን ዶበልን የተባለው ተመራማሪ በ1954 ያስተዋወቀው መሣሪያ ከባድ የብረት ጎማ፣ በጎማው ጠርዝ ላይ የተጠመጠመ ቺንጊያ፣ የቺንጊያውን መወጠር የሚያሳይ ፔንዱለም የመሰለ ሚዛን፣ በቃ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚዛኑን ትክክለኛነት ለማረጋገጥም የታወቀ ክብደት ማንጠልጠል ይበቃል። ሞናርክ የተባለው የስዊድን ብስክሌት ፋብሪካ ይህን አሠራር ይዞ አመረተው፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎችና የስፖርት ትምህርት ቤቶችም ተሠራጨ። ሒሳቡን ማንም ሊከተለው ይችላል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የጎማው ጠርዝ 6 ሜትር ይጓዛል። ቺንጊያው በ1 ኪሎ ክብደት ልክ ተወጥሮ ሰውየው በደቂቃ 50 ጊዜ ቢያዞር፣ ወደ 50 ዋት ያህል ኃይል እያወጣ ነው። ውጥረቱን ወደ 2 ኪሎ ከፍ ቢያደርገው 100 ዋት ይሆናል።

በዚያው በ1954 ፔር ኦሎፍ ኦስትራንድና ኢርማ ሪሚንግ በዚህ ዓይነት ብስክሌት ላይ የሚሠራ ፈተና አሳተሙ። ተፈታኙ በማይለዋወጥ ክብደት ስድስት ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ የልብ ምቱ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሰውነቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ይገመታል። እስከ ጫፍ መድከም አያስፈልግም። ፈተናው እስካሁን በሥራ ላይ ያለው ርካሽ፣ ቀላልና ለብዙ ሰው የሚዳረስ ስለሆነ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ትልቁ ሥራ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው አብዛኛው ነገር ለእግር ያዋለው ጥቅም ከዚህ ያንሳል።

ቋሚ ብስክሌት የቤት ዕቃ የሆነው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬነት ኩፐር በ1968 «ኤሮቢክስ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ልብና ሳንባን የሚያሠራ እንቅስቃሴ በነጥብ እየተቆጠረ የሚሠራበትን ዘዴ ለተራው ሰው አቀረበ፤ ብስክሌት መንዳትም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በ1973 ናሳ ወደ ሕዋ የላከው ስካይላብ ጣቢያም ለጠፈርተኞቹ አንድ ቋሚ ብስክሌት ተገጥሞለት ነበር። በፊንላንድ ቱርኩ ከተማ በ1922 የተመሠረተው ቱንቱሪና በ1895 ቺካጎ ላይ የተቋቋመው ሽዊን፣ ሁለቱም የመንገድ ብስክሌት ሠሪዎች፣ የቤት ውስጡንም መሥራት ያዙ። ፋብሪካው አለ፣ ቱቦ መበየድ ይታወቃል፣ ፔዳሉና መቀመጫው ያው ነው፤ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ከባድ ብረት ማስገባት ብቻ ነበር የቀረው። ከእነዚህ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከጥቂት ወር በኋላ የልብስ መስቀያ መሆናቸው የአሜሪካ ቤተሰብ የቆየ ቀልድ ነው፤ ቀልዱን የቱም ሞተርና ስክሪን ሊያስቀረው አልቻለም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሽዊን ያወጣው «ኤርዳይን» በፍሬን ፈንታ ትልቅ ቬንትሌተር ነበረው። በፍጥነት ባዞሩት ቁጥር አየሩ ይከብዳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የማክበጃ ቁልፍ አያስፈልገውም፤ አያቱም የልጅ ልጁም በየአቅማቸው ይነዱታል። የሚያስከፍለው ዋጋ ድምፅ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት በአንድ ግድግዳ በሚለያዩበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት የሚወደው ዕቃ አይደለም።

ኤሌክትሮኒክስ የገባው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኪን ዲሚክ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1968 «ላይፍሳይክል» የተባለውን፣ ፕሮግራም ያለው ብስክሌት ሠራ፤ ማሽኑ ራሱ ዳገቱን እያከበደና እያቀለለ ይመራል። ሬይ ዊልሰንና ወጣቱ ኦጊ ኒየቶ በ1977 የሽያጩን መብት ገዝተው በየከተማው ቢዞሩም ገዢ አጡ። በመጨረሻ ለታወቁ የጂም ባለቤቶች 50 ያህሉን በነፃ ሰጡ፤ ሥራውም ከዚያ ወዲያ ተነሣ። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የረጅም ርቀት ብስክሌተኛ ጆኒ ጎልድበርግ ግን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። በካሊፎርኒያ ለራሱ ልምምድ የሠራው ብስክሌት ስክሪን አልነበረውም፤ ከባድ ጎማ፣ የጨርቅ ፍሬን፣ እንደ ውድድር ብስክሌት ዝቅ ያለ መሪ። ሙዚቃ አክሎ ሰዎችን በቡድን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሽዊን ብስክሌቱን ያመርትለት ነበር፣ «ስፒኒንግ» የሚለው የንግድ ስምም በየአገሩ ጂም ገባ። የሚያሳዝነው፣ ሽዊን ራሱ በመንገድ ብስክሌት ንግዱ ተዳክሞ በ1992 ለኪሳራ ከለላ አመልክቶ፣ በአዲስ ባለቤቶች እጅ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። በ2012 የተመሠረተው ፔሎቶን የተባለው ኩባንያ የጎልድበርግን ዓይነት የቡድን ሥልጠና በትልቅ ስክሪን ቤት ድረስ አመጣ። በ2019 ብስክሌቱ 2,245 ዶላር ሲሆን፣ ለቀጥታ ትምህርቱ በየወሩ 39 ዶላር ይከፈል ነበር፤ በሦስት ዓመት ወርሃዊው ክፍያ ብቻ 1,404 ዶላር ይደርስ ነበር ማለት ነው። በ2020 ጂሞች በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ትእዛዙ ከፋብሪካው አቅም በላይ ሆነ፤ ጂሞቹ ሲከፈቱ ደግሞ ገበያው ወደቀና በየካቲት 2022 ኩባንያው 2,800 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በግንቦት 2023 ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ብስክሌቶች የመቀመጫ ቱቦ ሊሰበር ይችላል ተብሎ እንዲቀየር ተወሰነ። ከስክሪኑ በፊት መታየት ያለበት ቱቦው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ነገር አለ። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚጎድለው ልምምዱ አይደለም፤ ልኬቱ ነው። የሞናርክ ሚዛን ኃይልን ይለካ ነበር፤ የርካሹ ብስክሌት ትንሽ ሰሌዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ዙሩንና ሰዓቱን ነው፣ ካሎሪ ብሎ የሚጽፈውም ከዚያ የወጣ ግምት ነው። እሱን ትቶ እንደ ኦስትራንድ የልብ ምትን መቁጠር ይሻላል፤ ለዚህ ጣትና ሰዓት ይበቃሉ።

ሲገዙ መጀመሪያ ፍሬኑን ይዩ። ጨርቅ ከሆነ ርካሽ ነው፣ ያልቃል፣ ግን ይቀየራል፤ መቀየሪያው ገበያ ላይ መኖሩን ይጠይቁ። ማግኔት ከሆነ ዝም ያለና የማያልቅ ነው፤ በእጅ ቁልፍ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ሰሌዳው በባትሪ ድንጋይ ይነሣል። ከዚያ ይቀመጡበት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ መቅረት አለበት፣ መቀመጫው እስከዚያ ከፍ ካላለ ብስክሌቱ ለእርስዎ አይሆንም። የሚሸከመውን የክብደት ልክ ያንብቡ፤ የመቀመጫውን ቱቦ በሁለት እጅ ይወዝውዙት። ያገለገለ ከሆነ ፔዳሉን ቀስ አድርገው አዙረው ያዳምጡ፤ የሚንጫጫ ኩሽኔታ ዋጋ ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ትናንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ በጎልድበርግ ዓይነት የተሠራው ከባድ ጎማ እግር ሲያቆም እንደማይቆም፣ ፔዳሉንም ይዞት እንደሚዞር ይወቁ፤ ሲወርዱ ፍሬኑን አጥብቀው ይውረዱ።