"ቡና" እና "አቦል"፦ ኢትዮጵያ ስም ያወጣችላቸው ኮከብና ፕላኔት

በአርሲ ደጋ በምትገኘው ሮቤ ከተማ፣ በታኅሣሥ ወር ሰማዩ በሚጠራበት ውርጫማ ምሽት፣ ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድሮሜዳ የተሰኘው የከዋክብት ክምችት ከፍ ብሎ ይታያል። "ቡና" የተባለው ኮከብ የሚገኘው በዚሁ ክምችት ውስጥ ነው። ኮከቡን በዓይን ብቻ ማየት አይቻልም፤ ተራ የርቀት መነጽር ግን ይበቃል። የምትዞረው ፕላኔት "አቦል" ትባላለች።

ስያሜዎቹ ይፋ የሆኑት ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ከ100 ለሚበልጡ አገሮች አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤች ዲ 16175 በሚል መለያ የሚታወቀው ኮከብ ነበር። አቦል ከቶናና ከበረካ ቀድሞ የሚቀዳው የመጀመሪያው ቡና እንደመሆኑ፣ በኮከቡ ዙሪያ ለተገኘችው የመጀመሪያ ፕላኔት ስሙ በሚገባ ተመርጧል ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስሟ ትኩስ ቡናን ስለሚያስታውስ ብቻ አቦልን "ትኩስ ጁፒተር" ከሚባሉት ፕላኔቶች ጋር መመደብ ስሕተት ነው። የእነዚህ ፈር ቀዳጅ እ.ኤ.አ በ1995 በስዊዘርላንዳውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተገኘችው፣ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ የምትዞረው ፕላኔት ናት። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ሜርኩሪ አንድ ዙር ለመጨረስ 88 ቀናት ሲፈጅባት፣ ይህችኛዋ በ4 ቀናት ከጥቂት ሰዓታት ትጨርሳለች። ሙቀቷም ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚደርስ ይገመታል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በዚህ ግኝት እ.ኤ.አ የ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋሪዎች ሆነዋል።

የአቦል ጠባይ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ በ2009 የተገኘችው ይህች ፕላኔት ክብደቷ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀናት ያህል ይወስድባታል። ምሕዋሯ ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው። ስትቀርብ ምድር ለፀሐይ ካላት ቅርበት ይበልጥ ወደ ኮከቧ ትጠጋለች፤ ስትርቅ ደግሞ የምድርና የፀሐይን ርቀት ከ3 እጥፍ በላይ ትሸሻለች። በመሆኑም በቅርቡ ጫፍ የምትቀበለው ብርሃን በሩቁ ጫፍ ከምትቀበለው ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በአንድ ዙር ውስጥ ትግላለች፣ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው።

አቦልን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ያያት የለም። የታወቀችው በስበት ኃይሏ ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ስትስበው በኮከቡ ብርሃን ላይ በሚፈጠረው ጥቃቅን ለውጥ ነው። ኮከቡ ከምድር 195 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ፣ ዛሬ ሮቤ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ነው።

ቡናና አቦል የሚሉት ስሞች የቀድሞውን መለያ የሚሽሩ አይደሉም። በኅብረቱ ውሳኔ መሠረት ከሳይንሳዊው መጠሪያ ጎን ለጎን ያገለግላሉ።