የተሸጠው ሰው ጸሎት
(ስለ ካፋ የሰማይ ጌታ ስለ ዬሮ)

ከሰማይ በላይ የሚኖር፥ ሁሉን የፈጠረ፥ ሁሉን የሚችል አንድ ጌታ አለ ብሎ ማመን መጽሐፍ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በካፋ አገር ይህ ጌታ ዬሮ ወይም ዬሪ ይባላል። ካፎች በችግራቸው ቀን የሚጠይቁት መንፈስ ኤቆ ሲሆን፥ ኤቆ ያደረበትም ሰው አላሞ ተብሎ ይከበር ነበር። ልጅ የታመመበት፥ ከብት የሞተበት ሰው የሚገሰግሰው ወደ አላሞው ደጅ ነው። ዬሮ ግን ከኤቆዎች ሁሉ በላይ ነው። ስሙም ከአሮጌው እምነት ጋር አልጠፋም፤ የካፋ ክርስቲያን በቋንቋው እግዚአብሔርን ሲጠራ ዛሬም ዬሪ ይላል።

ይህን ስም ለኤውሮጳ አንባቢ ካደረሱት ሰዎች አንዱ የንጉሥ መልእክተኛ ወይም ሊቅ አልነበረም፤ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐንስ ክራፍ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ሳለ፥ ስለ ደቡብ አገሮች ይመረምር ነበር። ከነገሩትም ሰዎች አንዱ በእናርያ ተወልዶ በባርነት ወደ ሸዋ የመጣው ዲልቦ ነው። ዲልቦ እንዳወራው፥ ከካፋ በስተ ደቡብ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ዶቆ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ ቁመታቸው ከአሥር ዓመት ልጅ አይበልጥም፤ ንጉሥ የላቸውም፤ እሳትም አያውቁም፤ ጉንዳን፥ አይጥና እባብ ይበላሉ። ባሪያ ፈንጋዮች የሚያብረቀርቅ ልብስ እያሳዩ፥ እየዘፈኑም ያታልሏቸውና ያለ ውጊያ ይማርኳቸዋል። መከራ ሲጸናባቸው ራሳቸውን በምድር ላይ አድርገው እግራቸውን ወደ ላይ በዛፍ ላይ አስደግፈው ወደ ዬር ይጸልያሉ። ጸሎታቸውም፥ አንተ ካለህ ስለ ምን እንድንገደል ትተወናለህ፥ የፈጠርኸን አንተ ስትሆን ስለ ምን እንረገጣለን የሚል ነው።

ክራፍ ይህን ጽፎ አሳተመ፤ ክርክርም ተነሣ። በ1836 ዓ.ም. ቦንጋ ድረስ የገባው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ፥ ዶቆ የተባሉትን ሰዎች አይቻለሁ፤ ቁመታቸው እንደ ሌላው ሰው ነው ሲል ተቃወመ። በእርግጥም እሳት የማያውቅ ሕዝብ በዚያ አገር አልተገኘም። እንግዲህ የታሪኩ አካል ወደቀ።

አካሉ ቢወድቅ ግን ስሙ ቆመ። ዬር ያለው ዲልቦ የፈጠረው ቃል አይደለም፤ የካፋው ዬሮ ነው። ጥያቄውም ቆመ። ምክንያቱም ተራኪው ራሱ የተሸጠ ሰው ነበረ፤ በጌታ ቤት የተቀመጠ ባሪያም በገዛ አፉ ሊናገር የማይደፍረውን በሩቅ ሰው አፍ ያስነግራል። ድንኮቹ በጫካ ባይኖሩም፥ ጸሎቱ በዲልቦ ልብ ውስጥ እንደ ነበረ ማሰብ ይቻላል። ጸሎቱ ቅርብ ካለው መንፈስ በሽታን ወይም ዝናምን አልጠየቀም፤ ሁሉን የሚችለውን ስለ ፍርድ ጠየቀ። ጻድቁ ኢዮብና ነቢዩ ዕንባቆምም ከዚህ የራቀ አልጠየቁም።

የካፋም ነገሥታት ለረጅም ዘመን ባሪያ ከሚሸጡት ወገን ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረከ፤ በሰንሰለት ታስሮም ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። በጦርነቱና ከዚያም በኋላ ከካፋ ሕዝብ ብዙው ሞተ፤ ብዙውም ተማርኮ ተሸጠ። ሌላውን ሲሸጥ የኖረ አገር ራሱ ተሸጠ፤ ዲልቦ በዶቆዎች አፍ ያደረገው ጥያቄም የካፋ የራሱ ጥያቄ ሆነ። ባርነትን ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ዲልቦ ለክራፍ ካወራ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው።

ሊቃውንት ስለ ድንኮቹ ቁመት ብዙ ተከራከሩ፤ ስለ ጸሎቱ ግን የተከራከረ ጥቂት ነው። ሁሉን ወደሚችለው የተጮኸው ጩኸት መቶ ዓመት ሙሉ መልስ ያጣው ከሰማይ ነው ወይስ በምድር ሆኖ ሰምቶ ዝም ካለው ሰው? ይህን መመርመር የድንኮቹን ቁመት ከመለካት ይበልጣል።