አዋጅ የጣሰ ሸክላ

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ክልከላውን ጥሰው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትመው አመጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጡ። አዋጅ ያስጣሳቸው የፖለቲካ መፈክር ሳይሆን በአብዛኛው የፍቅርና የመለየት እንጉርጉሮ መሆኑ ያስደንቃል።

አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1975 እሳቸውም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም ዳግም ለዓለም አሰሙ። አቶ አምሃ በ2021 ዐረፉ። አዋጁም አዋጅ ነጋሪውም አልፈዋል። እኛ ስደተኞች ግን ዛሬም ያንን ሸክላ ስንሰማ፣ ዘፋኙ የተለያትን ወዳጅ ሲጣራ፣ የተለየናት አገር የተጠራች ይመስለናል።