ስንቅ፣ ውሻና የጌዴኦ ዳገት

ዲላ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በጥር፣ ቡናው ተለቅሞ ዝናቡ ሲርቅ፣ ከልጅ ልጆቼና ዳማ ከምንላት ውሻችን ጋር ስንቅ ቋጥረን ወደ ዳገቱ እንወጣለን። ይህን ሽርሽር ሳቅድ ከምግቡም ከመንገዱም በፊት የሚያሳስበኝ የምንቀመጥበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ወጥቶ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ይዘረጋል። ጌዴኦ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ ከ840 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ የመሬቱ ስፋት ግን ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከሩቅ ጫካ የሚመስለው ዳገት የሰው ጓሮ ነው፦ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ መሃሉን እንሰት፣ ከሥሩ ቡና። በየጓሮው ደጃፍም ውሻ አለ።

ያን ውሻ እዚያ ያቆመው እንሰቱ ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ ዓመታት ይፈጃል። ጃርት ሌሊት ገብቶ ሥሩን ከበላው፣ ከርከሮም ከገለበጠው፣ የቤተሰቡ የነገ ምግብ ጠፋ ማለት ነው። ለጤፍ ገበሬ አንድ ክፉ ዓመት ያልፍና በሚቀጥለው ይዘራል፤ የእንሰት ባለቤት ግን የጠፋበትን መልሶ ለማግኘት ከችግኝ መጀመር አለበት። ስለዚህ ሌሊቱን ማሳው ዳር የሚነቃ ያስፈልጋል። ሰው ቀን ሲቆፍር ውሎ ሌሊት ሙሉ መንቃት አይችልም። ውሻው ይችላል።

አያቴ ከቤቱ ራቅ ያለ ማሳ ነበረው። ማለዳ ሲወጣ ሚስቱ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ ትሰጠዋለች፤ ውሻው ሳይጠራ ይከተላል። እኩለ ቀን ላይ ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ኮባውን ይዘረጋና ይቆርሳል፤ ለውሻው የሚገባውን ከራሱ ጉርሻ ቀድሞ ይወረውርለታል። «እሱ ሌሊቱን ያልበላ ሠራተኛ ነው» ይለን ነበር። እኔ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ሽርሽር ይህ ነው። ዛሬ ከተማ ያደጉ ወጣቶች ውሻ ይዞ ሜዳ ላይ መብላትን ከፊልም የመጣ ነገር አድርገው ሲያዩት አዝናለሁ። ስንቁም፣ ጥላውም፣ ውሻውም እዚሁ ነበሩ።

በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጥበቃው ይበረታል። ቀይ ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ ይጠበቃል፤ ከተለቀመ በኋላም ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ሳለ ይጠበቃል። በ1960ዎቹ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ አካባቢያችን መምጣት ሲጀምሩ ዘበኞቹ በየአልጋው ዳር የሣር ጎጆ ቀልሰው ከውሾቻቸው ጋር ያድሩ ነበር፤ አሁንም ያድራሉ። ዓለም የሚያውቀው የይርጋጨፌ ቡና ከአልጋው እስኪወርድ ድረስ እንቅልፍ ያጣበት ውሻ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ባገኘው ደስ ባለኝ። አላገኘሁም። ስለ አካባቢያችን የጻፉ የውጭ ሰዎች ዓይናቸው ድንጋዩና ገዳው ላይ ነበር። ፈረንሳዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር ስለ ደቡቡ ትክል ድንጋዮች ያሳተሙት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1931 ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን ከፍራንክፈርት መጥቶ ስለ ገዳው ጻፈ። ፍራንሲስ አንፍሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የሸጴን የዓለት ቅርጾች አሳተመ። ሸጴ ከዲላ ብዙም አይርቅም፤ ዓለቱ ላይ ላሞች ተከታትለው ሲሄዱ ተቀርጸዋል፤ የሠራቸው ሰው ጡታቸውን እንኳ አልረሳም። ተማሪዎቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ከላሞቹ ኋላ እረኛና ውሻ ይፈልጋል። የማየው ላም ብቻ ነው። ያን ያህል መንጋ ያለ ጠባቂ እንዳልተነዳ ግን አልጠራጠርም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዲላ በደስታ ተሞልታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይበዛል፤ ስንቁን የያዘም፣ ውሻውን ያስከተለም ይመጣል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ከወናጎ በላይ ያለው ቱቱ ፈላ መቃብር ነው። ሮዤ ጁሶም ቆፍሮ ያጠናው የድንጋይ ክምር ሥር ሰው ተቀብሯል፤ በላዩ የቆሙት 300 ገደማ ትክሎች አንዳንዶቹ የሰው ፊት ተቀርጾባቸዋል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉት ትክሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ይበልጣል። ትክል ድንጋይ ተደግፎ መብላት፣ ውሻ ፈትቶ በመቃብር መካከል ማስሮጥ ነውር ነው። ሶንጎውም እንዲሁ ነው። በትልቅ ዛፍ ሥር ያለው ያ ጽዱ ቦታ ለሽርሽር የተዘጋጀ ይመስላል፤ ግን ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚያስታርቁበት ሸንጎ ነው።

ታዲያ የት ይቀመጣል? እኔ የማደርገው አያቴ ያደርግ የነበረውን ነው። ከመንገዱ ዳር ካለው ጓሮ ባለቤቱን እጠራለሁ፤ ሽማግሌ ከሆኑ ቆሜ ሰላምታ እሰጣለሁ። «አባባ፣ ልጆችና ውሻ ይዣለሁ፤ ከዋንዛዎ ጥላ ሥር ብንቀመጥ ይፈቅዱልናል?» እላለሁ። እምቢ ያሉኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ የእኔን ውሻ ልሰር» ብለው ይነሣሉ፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። የእንግዳ ውሻ ያለ ፈቃድ ወደ ጓሮ ሲገባ ግን የቤቱ ውሻ ሥራውን ይሠራል፤ ጠቡ የሚነሣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዳማ ከቤት እስከ ቤት በገመድ ናት።

ውሻ ይዞ ለሚወጣ ሌላው ጉዳይ ክትባቱ ነው። በልጅነቴ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ዕጣው ከባድ ነበር፤ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የፌርሚ ክትባት ለ14 ቀን በተከታታይ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። መድኃኒቱ ካለበት ከተማ መድረስ ያልቻለው በባህል መድኃኒት ይሞክር ነበር፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ነገር የለም። በሽታው የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም። በዚያው የሪያድ ጉባኤ ከእኛ ጋር የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከሰው ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በወብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። አንድ ያልተከተበ ውሻ ዳገት ሲወጣ የሚያስከትለው ይህን ነው።

ስለ ስንቁ ብዙ አልልም። ለእኛ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ፤ ለዳማ ቅመምና ሽንኩርት ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ከቆጮ ጋር፣ ከዚያም በጣሳ ውሃ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የቡና አተላም እንዲሁ፤ ቡና በሚፈላበት ጓሮ ሁሉ ሲደፋ ውሾች ይልሱታልና ይጠበቅ። ኮባው በልተን ስንጨርስ እንሰቱ ሥር ይቀራል፣ መሬቱን ያለማል። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ግን ጓሮ ውስጥ አይቀርም።

ወደ ጌዴኦ ውሻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ የዓመቱን ክትባት አስከትቡና ወረቀቱን ያዙ፤ ገመዱን አትፍቱ፤ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትቀመጡ። በማሳ ዳር ከውሻው ጋር የበላ አያት ያላችሁ የዲላ፣ የወናጎ፣ የቡሌና የኮቸሬ ልጆች ደግሞ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት።