የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎችና ኮቪድ-19

የጥርስ ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ስለ ኮቪድ-19 ያላቸው ዕውቀትና አመለካከት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች የተጠና ርዕሰ ጉዳይ ነው።

በበሽታው የመያዝ ሥጋታቸው ከሥራው ጠባይ ይመነጫል። ባለሙያው የሚሠራው ከታካሚው ክፍት አፍ አጠገብ ነው። በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከረው መቦርቦሪያ፣ እንዲሁም የጥርስ ድንጋይ በንዝረት የሚያነሣው መሣሪያ፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከምራቅና ከደም ጋር ቀላቅለው እንደ ጉም ይረጩታል። ቫይረሱ ደግሞ በምራቅ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ተራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ብቻውን አይበቃም፤ ኤን 95 ጭንብል፣ የፊት መከለያ፣ የሚታከመውን ጥርስ ከቀሪው አፍ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን፣ ኃይለኛ መምጠጫና በቂ የአየር ዝውውር ያስፈልጋል።

በማርች 2020 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር፣ በኦገስት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት፣ አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና እንዲዘገይ መከሩ፤ የድርጅቱ ምክር ቫይረሱ በማኅበረሰቡ ውስጥ በስፋት ለሚሰራጭባቸው አካባቢዎች ነበር።

ስለ ባለሙያዎቹ ዕውቀትና አመለካከት የተደረጉት አብዛኞቹ ጥናቶች መጠይቆች ናቸው። ትልቁ ድክመታቸውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው አደርጋለሁ ያለውን እንጂ ያደረገውን አይለኩም። ጭንብል በሌለበት ክሊኒክ የሚሠራ ባለሙያ ጥያቄውን ሁሉ በትክክል ቢመልስም ከአደጋው አይድንም፤ ይህን የዕውቀት ጉድለት ብሎ መፈረጅም ፍትሐዊ አይደለም። በመልሶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ፍርሃት ቫይረሱን ወደ ቤተሰብ ይዞ መግባት ነው።

በጁን 2020 ከ2,000 በላይ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞችን ያካተተ ጥናት ግን ተስፋ ሰጪ ነበር፤ በቫይረሱ ተይዘው ነበር ተብለው የተገመቱት ከ1 በመቶ በታች ናቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጠናከረ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር።